ወረቱን ሳትበሉ፦ ለወሎ ታዳጊዎች የመጀመሪያ ንግድ መመሪያ

ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ደሴ መናኸሪያ የተቀቀለ እንቁላል እሸጥ ነበር። ጠዋት ሠላሳ እንቁላል ይዤ እወጣለሁ። ሚጥሚጣው በወረቀት ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነው። ደሴ ብርድ ናት፣ ከወልዲያና ከቆቦ የሚመጣ መንገደኛ ትኩስ ነገር አይጠላም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ባልዲ ይዤ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ እናቴ «ለነገ እንቁላል አልገዛህም እንዴ?» አለችኝ። ኪሴን ዳበስኩ። የአሥር እንቁላል መግዣ እንኳን የለም።

«ሁሉንም ሸጫለሁ እኮ!» አልኳት።

«መሸጡንማ ሸጠሃል። ወረቱን በልተኸው ነው።»

ወረት የድሮ ነጋዴ ቃል ነው። ዛሬ መነሻ ገንዘብ ወይም ካፒታል የምንለው ማለት ነው። እኔ ከሽያጭ የገባው ብር ሁሉ ትርፍ መስሎኝ ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ሻይና ብስኩት እጋብዝ ነበር። ንግዱ አልከሰረም። እኔ ነኝ የበላሁት።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ መያዝ ጀምረው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። አብዛኞቹ መሸጥ አያቅታቸውም። የሚያቅታቸው ወረቱን ለይቶ ማቆየት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ምን እንደምትነግዱ ከሚለው ይልቅ ብሩን እንዴት እንደምትይዙ ላይ ይቆያል። የተጻፈው በተለይ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላላችሁ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ባቲ፣ ወልዲያና በዙሪያው ለምትኖሩ ነው።

አንደኛ፦ ከየትኛው ወጪ ነው ነፃ መውጣት የምትፈልጉት?

«ራሴን መቻል እፈልጋለሁ» ማለት ጥሩ ነው፣ ግን በደብተር ላይ አይጻፍም። አንድ ወጪ ምረጡ። የስልክ ካርድ ሊሆን ይችላል። ወይም የደብተርና የእስክሪብቶ፣ ወይም የሚቀጥለው ዓመት ጫማና ዩኒፎርም። «ከመስከረም ጀምሮ ደብተሬን አባቴ አይገዛልኝም» ብላችሁ ጀምሩ። ያ ሲሳካ ሁለተኛ ወጪ ጨምሩ።

በ16 ዓመት ራስን መቻል ማለት ቤት መልቀቅ አይደለም። እንዲያውም የወላጅ ቤት ትልቁ ድጎማችሁ ነው። ኪራይ አትከፍሉም፣ እራት አለ። ይህን ዕድል ያላገኘ ነጋዴ ስንት እንደሚከፍል ጎረቤት ያለውን ተከራይ ጠይቁት።

እኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የሰፈር ልጅ ዓረብ አገር ሄዶ ብር ላከ ሲባል ትምህርት የማቋረጥ ሐሳብ ይመጣል። በባቲ በኩል ወደ አፋር፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ ደላላ እንደሚያወራው አድርጋችሁ አትስሙት። የሄዱትን ሁሉ አልወቅስም፣ ቤተሰብ ያቀኑ ብዙ ናቸው። ግን ደላላው የሚጠይቃችሁ ብር ራሱ እዚህ አንድ ሥራ የሚያስጀምር ወረት ነው።

ሁለተኛ፦ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ፣ ሕጉንም እወቁ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይቻልም። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት ቀንና የሕዝብ በዓል ላይ ማሠራትም ክልክል ነው። ክረምት ላይ ሱቅ ወይም ካፌ የምትቀጠሩ ልጆች ይህን ማወቅ አለባችሁ፤ ብዙ አሠሪ አይነግራችሁም።

18 ሳይሞላችሁ ንግድ ፈቃድ በስማችሁ ለማውጣት አታስቡ። ሥራው ፈቃድ የሚፈልግ ከሆነ በወላጅ ስም ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር መነጋገር ግድ ነው።

እንዴት ትናገራላችሁ? አባታችሁ ከሥራ ደክሞ ሲገባ አይደለም። ቡና ሲፈላ ሁሉም ሲሰበሰብ ነው ጥሩው። የወሎ ቡና ረጅም ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ብዙ ነገር ይወራል። በቶና ላይ ጀምሩት። ሦስት ነገር ይዛችሁ ቅረቡ፦ ምን እንደምትሠሩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድባችሁና ቢከስር ስንት ብር እንደሚጠፋ። ሦስተኛውን ቀድሞ የተናገረ ልጅ ይታመናል። «አባዬ፣ ቢበላሽ የሚጠፋው 900 ብር ነው፣ እሱንም ከራሴ ነው» ያለ ልጅና «ሚሊየነር እሆናለሁ» ያለ ልጅ እኩል አይሰሙም።

ሦስተኛ፦ ገበያውን ሳትሸጡ ዙሩት

ሁለት ሳምንት ምንም አትሽጡ። ደብተር ይዛችሁ ዙሩ።

ደሴ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ስሙ ራሱ ይናገራል። ባቲም የታወቀ የሰኞ ገበያ አላት። ደጋውና ቆላው የሚገናኙባት፣ ከአፋር በኩል ግመልና ፍየል የሚነዳባት ናት። እንዲህ ያለ ገበያ ስትሄዱ ትልቁን ነጋዴ አትዩ። ጉልት ላይ የተቀመጡትን እናቶች ተመልከቱ። ጠዋት ስንት ይላሉ? ስምንት ሰዓት ላይ ስንት ይላሉ? ማታ የተረፋቸውን ምን ያደርጉታል? በጠዋቱና በማታው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የያዘ ልጅ ግማሹን ንግድ ተምሯል።

ወሎ ውስጥ ነጋዴ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህን ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ አይነግራችሁም። የኦርቶዶክስ ጾም አለ፦ ዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ በተጨማሪም ረቡዕና ዓርብ። በዚያ ጊዜ የእንቁላልና የወተት ፈላጊ ይቀንሳል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ወቅቱን ይለውጣል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዓቢይ ጾም አንድ ላይ ገጥመው ነበር። እንደዚያ ባለ ጊዜ የምስር ሳምቡሳ የሚሸጥ ልጅ ለጿሚው ሁሉ ይሸጣል፤ ለማፍጠሪያም ይሆናል፣ ጾምም አይፈታም። በዚያው ወር እንቁላል ላይ ወረቱን ያፈሰሰ ልጅ ደግሞ ይቸገራል። የሁለቱንም ጾሞች ቀናት ግድግዳችሁ ላይ ባለው ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ አክብቡ።

አራተኛ፦ ሥራውን ምረጡ

እኔ በምመርጠው ቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

ማስጠናት። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ወረት የለውም፤ የሌለ ወረት ደግሞ አይበላም። አሥረኛ ክፍል ያለ ልጅ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ማስጠናት ይችላል። ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ከመያዝ በአንድ ቤት አራት ልጅ ሰብስቡ። የየአንዳንዱ ወላጅ ክፍያ ያንሳል፣ የእናንተ ግን ይጨምራል። ክፍያው በወር ይሁን፣ ወሩ ሲጀምር ይከፈል። ልጁ ምን እንደተማረ በየሳምንቱ በአንዲት ወረቀት ለእናቱ ጻፉላት። ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም፣ እሷ ታወራላችኋለች።

የስልክ አገልግሎት። ብዙ የወሎ እናት ልጇ ጅዳ ወይም ቤይሩት ናት። ኢሞ መጫን፣ ድምፅ መላክ፣ ስልክ ሲሞላ ፎቶ ወደ ሚሞሪ መገልበጥ፣ የሥራ ማመልከቻ መተየብ ለእናንተ ቀላል ነው፣ ለእነሱ ግን ትልቅ ነው። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ የማንንም የቴሌብር ወይም የባንክ ሚስጥር ቁጥር አትያዙ፣ አትጠይቁ። «አንተው ጻፈው የኔ ልጅ» ቢሏችሁ እንኳን ስልኩን መልሱላቸው። አንድ ቀን ብር ቢጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እናንተ ናችሁ።

ሳምቡሳ፣ ችብስ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ። ይህ የዕለት ንግድ ነው። ጠዋት የገባው ብር ማታ ይመለሳል፣ ስለዚህ ስሕተታችሁም በዚያው ቀን ይታያል። ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም። ስሌቱን ከታች በዝርዝር እሠራዋለሁ።

ዶሮ። ሁሉም ልጅ ዶሮ ይላል። ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ስላለ ወሬውም ቅርብ ነው። ዶሮ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ስለሚያታልል ትንሽ ልቆይበት።

አብዛኛው ሰው የሚገዛው 45 ቀን የሞላትን ቄብ ነው። የተሻሻለ ዝርያ እንቁላል የሚጀምረው በአምስት ወር ገደማ ነው። በመካከሉ ሦስት ወር ተኩል አለ። በእነዚህ ወራት መኖ ይገባል፣ እንቁላል አይወጣም። አሥር ቄብ በዚህ ጊዜ ከ70 ኪሎ ያላነሰ መኖ ይበላሉ። ልጆች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ለቄቧ የሚሆን ብር አላቸው፣ ለመኖው የላቸውም። በሁለተኛው ወር መኖ ይቀንሳሉ፣ ዶሮዋ ትከሳለች፣ እንቁላሉም ይዘገያል። መጣል ከጀመረች በኋላም አንዲት ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። ለአሥር ዶሮ በወር 35 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ የቄቧን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። የቄቧን ዋጋ፣ የ70 ኪሎ መኖ ዋጋና የክትባቱን ደምሩ። ድምሩ ከያዛችሁት ብር ከበለጠ ቁጥሩን ወደ አራት ወይም አምስት ዶሮ አውርዱት። አምስት በደንብ የበሉ ዶሮዎች ከአሥር የተራቡ ይሻላሉ።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ቄቧን ስትገዙ ምን ምን ክትባት እንደወሰደች በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቀጣዩን ደግሞ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅሉ።

በግ ማድለብ የሚቻለው ከቤተሰብ ጋር ነው። ከአረፋ ወይም ከፋሲካ ሦስት ወር ቀድሞ ገዝቶ በበዓሉ መሸጥ ነው። ብሩ ትልቅ ስለሆነ ለመጀመሪያ ዓመት አልመክረውም። ግማሹ የአባት፣ ግማሹ የእናንተ ከሆነና ስምምነቱ ከተጻፈ ይቻላል።

ጫት መቸርቸር ትርፍ እንዳለው አውቃለሁ። ለታዳጊ አልመክርም። ከዚህ በላይ አልልም።

አምስተኛ፦ ስሌቱን ሥሩ

የሳምቡሳ ምሳሌ ልውሰድ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ እያስገባችሁ ሥሩት።

ለ100 ሳምቡሳ፦
ዱቄት 2 ኪሎ፣ 240 ብር
ምስር 1 ኪሎ፣ 180 ብር
ሽንኩርት 1 ኪሎ፣ 80 ብር
ቃሪያና ቅመም፣ 30 ብር
ዘይት፣ 240 ብር
ከሰል፣ 60 ብር
መጠቅለያ፣ 20 ብር

ድምር 850 ብር። አንዱ ሳምቡሳ በ8 ብር ከ50 ወጣ ማለት ነው። በ15 ብር ትሸጡታላችሁ እንበል። 100ውም ካለቀ 1,500 ብር ይገባል።

ግን 100ው ሁልጊዜ አያልቅም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛው፦ ስንተኛው ሳምቡሳ ላይ ነው ወጪዬ የሚመለሰው? 850ን ለ15 አካፍሉ። 57ኛው ላይ ነው። እስከ 56ኛው ድረስ የምትለፉት ለዱቄትና ለዘይት ነው። ሁለተኛው፦ 85 ብቻ ቢሸጥስ? 1,275 ብር ይገባል፣ 425 ብር ይተርፋል። 15ቱን ቤት ትበሉታላችሁ፤ ያም ለእናት የእራት እፎይታ ነው።

አሁን ሰዓቱን ቁጠሩ። ከእህታችሁ ጋር ለሁለት አራት አራት ሰዓት ሠርታችሁ ከሆነ ስምንት ሰዓት ነው። 425 ለ8 ሲካፈል በሰዓት 53 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ ይበቃኛል ወይ? መልሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ግን ሰዓታችሁን ሳትቆጥሩ «አተረፍኩ» አትበሉ።

እህት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሊጡን እህት ታቦካለች፣ ሽንኩርቱን እህት ትከትፋለች፣ ብሩን ወንድም ይይዛል። ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ። ሁለታችሁም ስማችሁ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ድርሻውም ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ።

በረመዳን መሸጫው ሰዓት አጭር ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ መግሪብ አዛን። ከዚያ በኋላ ሰው ገበታ ላይ ነው። ስለዚህ ጥብሱን ሽያጩ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማስጀመር ያስፈልጋል። የጋለ ዘይት አጠገብ ሕፃን አይቀመጥ። ዘይቱ ከጠቆረ ይደፋ። እሱን ለመቆጠብ ብላችሁ ደንበኛ ብታሳምሙ ወሬው ከሮቢት እስከ ሰኞ ገበያ በአንድ ቀን ይደርሳል።

ስድስተኛ፦ ሦስት ከረጢት፣ አንድ ደብተር

ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡት።

ሦስት ፖስታ ወይም ከረጢት አዘጋጁ። አንዱ ላይ «ወረት»፣ አንዱ ላይ «ቁጠባ»፣ አንዱ ላይ «ኪስ» ብላችሁ ጻፉ። ማታ ብሩ ሲቆጠር ከሁሉ በፊት 850 ወረት ውስጥ ይገባል። ትርፉን እንኳን ሳታዩት። ከዚያ የቀረው 425 ይከፈላል። እኔ የምመክረው 200 ወደ ወረት ማሳደጊያ፣ 125 ወደ ቁጠባ፣ 100 ወደ ኪስ ነው። የኪሱ ብር የናንተ ነው። ሻይ ጠጡበት፣ ጓደኛ ጋብዙበት፣ ማንም አይጠይቃችሁ። ኪስ የሌለው ልጅ ዞሮ ዞሮ ወረቱን ይነካል።

የወረቱ ከረጢት ከቤት አይውጣ። ለንግድ የምትይዙት መልስ የሚሆን ዝርዝር ብር ብቻ ነው።

ደብተሩ ላይ በየማታው አንድ መስመር ይበቃል። እንዲህ፦ «ሰኞ። ወጪ 850። የተሸጠ 85። ገቢ 1,275። የተረፈ 15፣ ቤት ተበላ። ዱቤ የለም።» ከአንድ ወር በኋላ ገልብጣችሁ ስታዩት የትኛው ቀን እንደሚቀዘቅዝ ደብተሩ ይነግራችኋል። ረቡዕ ሁልጊዜ 60 ብቻ ከተሸጠ ረቡዕ 65 ጥበሱ።

አክስታችሁ ከውጭ ብር ብትልክላችሁስ? ስጦታ ቢሆን እንኳን በደብተሩ ላይ እንደ ብድር ጻፉት። ከትርፉ ትንሽ ትንሽ እያወጣችሁ ወደ ቁጠባ መልሱት። ስጦታ ብለው የያዙት ብር ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ሰባተኛ፦ ዱቤ

ወሎ ላይ ሰው «የለም» ለማለት ይከብደዋል። ጎረቤት ናት፣ ስትወለዱ ገንፎ አብራ የበላች ናት፣ እንዴት ትከለክላላችሁ? እኔም በሁለተኛው ዙር የወደቅሁት በዚህ ነው። አንድ ሱቅ በየቀኑ አሥራ አምስት እንቁላል በዱቤ ይወስድልኝ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ባለሱቁ ሦስት ቀን ሙሉ «ነገ» አለኝ። በአራተኛው ቀን ሱቁን ሌላ ሰው ተከራይቶት አገኘሁት።

የተሻለው መንገድ ደንቡን ቀድሞ ማውራት ነው። ለምሳሌ፦

«የኔ ልጅ፣ አምስት ሳምቡሳ ስጠኝና ነገ እከፍልሃለሁ።»

«እትዬ፣ ወረቱ የእማዬ ነው፣ ማታ ትቆጥረዋለች። ሁለቱን በነፃ ይውሰዱ፣ ለሦስቱ ነገ ይምጡ።»

«አይ አንተ! አላህ ያሳድግህ።»

ሁለቱን ሳምቡሳ ለመሥራት ያወጣችሁት 17 ብር ነው። አምስት በዱቤ ብትሰጡ ግን 75 ብር ነው የሚንጠለጠለው፣ ነገም ሌላ ጎረቤት ሰምታ ትመጣለች። «የእማዬ ነው» ማለት ውሸት እንዳይሆን ደግሞ በእርግጥ እናታችሁ ትቁጠረው። ምርቃት ወሎ ላይ አይቸግርም፣ ደስ ብሏችሁ ተቀበሉ። ዱቄት ግን በምርቃት አይገዛም።

የግድ ዱቤ ከሰጣችሁ የሦስት ሰው ገደብ ይኑር። የመጀመሪያው ሳይከፍል አራተኛ የለም።

ስምንተኛ፦ ቁጠባው የት ይቀመጥ?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሱቅና ቤት ተዘርፏል። ፍራሽ ሥር የነበረ ብር የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም። ስለዚህ የቁጠባው ከረጢት ትንሽ ሲሞላ ወደ ባንክ ይሂድ። 18 ካልሞላችሁ ከወላጅ ጋር ሂዱ። ለልጆችና ለታዳጊዎች የሚሆን ሒሳብ ጠይቁ። መታወቂያና የፋይዳ ቁጥር ስለሚጠየቅ ወላጃችሁ ይዞ ይምጣ።

የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በ7 በመቶ 1,000 ብር በዓመት 70 ብር ያስገኛል። የዘይት ዋጋ በዓመት ስንት እንደሚጨምር ካያችሁ ይህ እንደማያበለጽግ ይገባችኋል። ባንክ ብሩን የሚጠብቅላችሁ ከእጃችሁ ነው፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ወለድ የማትፈልጉ ከሆነ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የንግድ ባንክን ጨምሮ ብዙ ባንኮች ጋር አለ። ዘምዘምና ሂጅራ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነፃ ናቸው። ፎርሙ ላይ የትኛውን እንደምትፈልጉ በግልጽ ተናገሩ።

ዕቁብስ? ለታዳጊ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ከሆነ። አምስት የሚተዋወቁ ልጆች በሳምንት 100 ብር ቢጥሉ በአምስት ሳምንት ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ 500 ያገኛል። መጀመሪያ የደረሰው ልጅ ከጠፋ ግን ጸብ ነው። የአንዱ እናት ዳኛ ትሁን። ወረቱን ለዕቁብ አትጣሉ፤ ከቁጠባው ብቻ።

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ኢንተርኔት በሌለበትም *127# ደውሎ ይሠራል። ይህን ልመዱት፣ እኛ አካባቢ ኔትወርክ ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም። ደንበኛ «ልኬልሃለሁ» ሲል የጽሑፍ መልእክቱን አትመኑ። ሂሳባችሁን ራሳችሁ አይታችሁ ነው ሳምቡሳው የሚሰጠው። «በስሕተት ብር ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ስልክ ከመጣም መጀመሪያ ሂሳብ ማየት ነው። የሚስጥር ቁጥራችሁን የሚጠይቅ የቴሌ ሠራተኛ የለም።

ቴሌግራም ላይ «ቪዲዮ ላይክ አድርጋችሁ በቀን ይህን ያህል» የሚሉት መጀመሪያ ትንሽ ይከፍላሉ፣ ከዚያ «ደረጃችሁን ለማሳደግ» ብር አስገቡ ይላሉ። ያኔ ውጡ። ሰው ባመጣችሁ ቁጥር የሚከፈልበት የፒራሚድ ሽያጭ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። የጋበዛችሁ የአጎት ልጅ ቢሆንም ያው ነው። ቤቲንግ ቤትም አንድ ጊዜ የገባ ወረት ሲመለስ አላየሁም።

ዘጠነኛ፦ መቼ ትቆማላችሁ?

ንግዱ ከፈተና ጋር ሲጋጭ ንግዱ ይቆማል። ይህን ከወላጅ ጋር ከመጀመሪያው ተስማሙበት። የማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ወር ሲቀረው መጥበሻውን እጠቡና ስቀሉት። የወረቱ ከረጢት አንድ ወር ቢተኛ ምንም አይሆንም። 12ኛ ክፍል ያላችሁማ ዓመቱን ሙሉ ከቅዳሜ ውጭ አትሽጡ።

ክረምቱ የናንተ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናብ ስለማያባራ ላስቲክና ደረቅ ከሰል አስቀድማችሁ ያዙ። ኢንተርኔት የሚያገኝ ልጅ በዚያው «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለውን ነፃ ሥልጠና ቢሞክር አይጎዳውም፤ ምስክር ወረቀት አለው። ወዲያው ሥራ ይሰጣል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን ከ57 ሳምቡሳ በታች ከተሸጠ ቦታውን ለውጡ። ሦስተኛውም ሳምንት ያው ከሆነ ሥራውን ተዉት። ወረቱ ከረጢት ውስጥ ካለ አልከሰራችሁም፤ ሌላ ትሞክሩበታላችሁ።

አሥረኛ፦ 18 ሲሞላ

አሁን በራሳችሁ ስም መሄድ ትችላላችሁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከዚያ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ። በቀበሌ ወይም በክፍለ ከተማ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ስለ መሥሪያ ቦታና ስለ ብድር ይመዘግባችኋል። ጸደይ ባንክ የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ከእሱም ሆነ ከሌላ አበዳሪ በቡድን ዋስትና ብድር ስትጠይቁ ከማን ጋር እንደምትፈርሙ አስቡበት። ጓደኛችሁ ካልከፈለ የሱ ዕዳ የእናንተ ነው። ዕቁቡን በሰዓቱ ይጥል የነበረው ማን ነው? ማን ነበር በየሳምንቱ «ነገ» የሚል? መልሱ ደብተራችሁ ላይ ተጽፏል።

ለብድር ስትቀርቡ ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ዘይት የነካው ቢሆንም አትገልብጡት፣ እንዳለ አሳዩ። ፈቃድ ካወጣችሁ በኋላ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ አትርሱ። ሐምሌ ላይ የግብር ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ሂዱ፣ ጃኬትም ልበሱ።